ቢጫው በርሜል

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ ይዤ ኖሬአለሁ፣
የቤተ ሙከራን ትራፊ ቆጥሬአለሁ።
ሌላው ዶክተር ይባል፣ ሌላው ይባል ቀማሚ፣
እኔ ግን ጥላዬ ነኝ፣ በርሜል ተሸካሚ።

በርሜሉ ቢጫ ነው፤ በጎኑ የራስ ቅል፣
ክዳኑ ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥል።
አምስት ግራም ዱቄት እንዲወለድ በጤና
አርባ ሊትር አሟሚ ይቀዳል እንደገና፤
ክሎሮፎርም፣ ሄክሴን፣ ስሙ ምላስ የሚያስር።
ልጁ ታቅፎ ሲወጣ፣ የእንግዴ ልጁ የት ይቀበር?
ልጁን ሁሉም ያቅፋል፤ ስም ይወጣለታል፣
የእንግዴ ልጁን ግን ማን ይጠይቅለታል?

ከጓሮው ቁልቁለት፣ ወደ በሬሳ መውረጃ፣
ሣር የረሳው ስፍራ አለ፤ የእኔ እጅ ማስረጃ።
በሌሊት የደፋሁት (ታዝዤ ነው ብል ማን ይሰማል?)
ክረምት በጎርፍ ይሄዳል፣ በጋ ድንጋይ ላይ ይሸታል።
ከታች ብርድ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች
እጃቸው ሲላላጥ አይቼ፣
«ውርጩ ነው» አልኳቸው።
ዋሸሁ፤ ውርጩን በሐሰት ከስሼ።

ቋንቋችንስ ቢሆን ቀድሞ አላወቀም ወይ?
«መድኃኒት ጠጣ» ስንል፣ ሁለት አይደለም ወይ?
አንዱ ጠጥቶ ድኗል፣ ከአልጋው ተነሥቷል፤
አንዱ ጠጥቶ ሞቷል፣ ተዝካሩ ወጥቷል።
ቃሏ ያው አንዲት ናት፤ የሚለየው መጠኗ፣
የገባችበት ደጅ፣ የወጣችበት ቀኗ።

በመስከረም አንዲት ተማሪ መጣች ከመሐል ሜዳ፣
አጸደ ይሏታል፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣ እንደ እንግዳ።
ሌላው ሲመጣ የሚያየው መሣሪያውን ነው፣ ሚዛኑን፤
እሷ ክዳኑን ከፈተች። አሸተተችው በርሜሉን።
«ጋሽ ጥላዬ፣ ይኼ ሁሉ የሚሄደው ወዴት ነው?»
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ማን ነው!
መልስ አልሰጠኋትም። ወደ ጓሮው ወሰድኳት፤
ሣር የረሳውን ስፍራ ዝም ብዬ አሳየኋት።

በሳምንቱ የድንጋይ ሙቀጫ ታቅፋ ከተፍ አለች።
«አዋዜ ነው ወይስ ኬሚስትሪ?» ቢሏት፣
«ሁለቱም መውቀጥ ነው» አለች።
ያለ አሟሚ፣ ያለ እሳት፣ በክንድ ጉልበት ብቻ
ሁለት ዱቄት ልታበቃ ለአንድ ጋብቻ።
«ከገባው አቶም ሁሉ ስንቱ እቤት ቀረ?»
ደብተሯ ላይ ይኼው ነው፣ ሌላ አልተቆጠረ።

የመጀመሪያው ለጥፍ ሆነ። ሁለተኛው ጠቆረ።
ሦስተኛው ምንም አልሆነም፤ እንዳለ አደረ።
በአራተኛው መዳፏ ተልጦ በጨርቅ ስትጠቀልል አየኋት፣
«አምጪው፣ እኔ ልውቀጥ» አልኳት።

ከሸዋ ሮቢት የመጣ ሎሚ ሁለት ጠብታ ጨመረች፣
«ይኼ ሽማግሌው ነው፤
ያጋባል እንጂ አያገባም» አለች።

ኅዳር ነበር። ውጤቱን በጥቂት ሙቅ ውሃ አሟምታ፣
በረዶ ልታመጣ ስትሄድ መብራት ጠፋ በዚያች ማታ።
ማቀዝቀዣው ዝም። ቤቱ ጨለማ።
«መስኮቱ ላይ አኑረው፣ ጋሼ፤
ብርዱ ይሥራ እንጂ ሌት ተቀን ሲታማ!»
ያ ውርጭ፣ በሴቶቹ ፊት በሐሰት የከሰስኩት፣
ሲሠራ አድሮ ጠዋት መስኮት ላይ አገኘሁት፦
በብርጭቆው ግርጌ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያክል፣
ነጭ፣ ስል፣ ጥርት ያለ ክሪስታል።

ስልሳ አንድ ከመቶ። «ያንሳል» አሉ መምህሩ።
እውነት ነው፣ ያንሳል፤
ሩቅ ነው የመድኃኒት ቤት በሩ።
እኔ ግን በርሜሌን አነሣሁት፣ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ፤
ወደ ኋላ ልወድቅ ነበር፣ ከቅለቱ ጋር ታግዬ።

ማታ የደም ግፊት እንክብሌን መዳፌ ላይ አድርጌ
ጥቂት ቆየሁ፣ ከመብራቱ ግርጌ።
«አንቺ ነጭ» አልኳት፣ «ማን ወለደሽ? በየት አገር?
የእንግዴ ልጅሽስ በማን ወንዝ ሄደ፣ ያለ መቃብር?»
አልመለሰችም። ዋጥኳት።
ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው፤
ሴቶቹ ወንዝ ይወርዳሉ። እወርዳለሁ እኔም፤
ዓመታት የዘገየ ቃል አለኝ፣
«ውርጩ አልነበረም» የምላቸው።